አይስላንድን በዊንተር በካምፐር ቫን (መኝታ ባለው መኪና) መዞር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ፣ ክረምት ካልኩ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው ጭንቅላታችሁ ውስጥ የሚመጣው፣ ስለዚህ እዚህ ዊንተር እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለውን ማለቴ ነው። በጋ ስል ደግሞ የነሱን ሰመር ነው፣ ከጁን እስከ ኦገስት ያለውን። ዓመተ ምህረቱ የፈረንጅ ነው፣ ሰዓቱን ግን በኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ። ሁለቴ ሄጃለሁ፣ የመጀመሪያውን ግማሽ መንገድ ላይ ንፋስ መልሶኛል፣ ሁለተኛውን ዙሬ ጨርሻለሁ፣ ከታች ያለው አብዛኛው ነገር ከመጀመሪያው የተማርኩት ነው።

ለመሆኑ በዊንተር ደሴቷን ሙሉ መዞር ይቻላል?

ይቻላል። ሪንግ ሮድ የሚሉት ቁጥር 1 መንገድ ደሴቷን ይዞራታል፣ 1,320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በ1974 ደቡብ ላይ የወንዞቹ ድልድዮች ተሰርተው ሲያልቁ ነው ክብ የሆነው። አስፋልት ነው፣ በዊንተርም በረዶ ጠራጊ መኪና ይሰራበታል። ግን ይቻላል ማለት በፈለጋችሁት ቀን ይቻላል ማለት አይደለም፣ ይሄን ሰው ቶሎ አይቀበለውም። መሃል አገር የሚገቡትን በኤፍ ፊደል የሚጀምሩ መንገዶች ግን እርሷቸው፣ በጋ እስኪገባ ዝግ ናቸው፣ ፎር ባይ ፎር አለኝ ብላችሁም አትሞክሩ።

ስንት ቀን ይበቃል?

በበጋ ሰው በ7 ቀን ይዞራታል። በዊንተር ከ10 ቀን በታች ካላችሁ ዙሪያውን ተዉትና ደቡቡን ብቻ ሄዳችሁ ተመለሱ፣ ከሬይክያቪክ እስከ ዮኩልሳርሎን፣ የበረዶ ስባሪ እስከሚንሳፈፍበት ሐይቅ ማለት ነው፣ እሱም ራሱ ከበቂ በላይ ነው። ለሙሉ ዙር እኔ 12 ቀን ወይም 14 ቀን ነው የምለው፣ ከነዚህ ውስጥ ቢያንስ ሦስቱ ባዶ ይሁኑ፣ ምንም ፕላን የሌለባቸው። ሰዎች ፕላናቸውን ሲያሳዩኝ እያንዳንዱ ቀን ከነሰዓቱ ተሞልቶ ነው የማየው፣ አንድ መንገድ አንድ ቀን ቢዘጋ ከዛ በኋላ ያለው ቡኪንግ ሁሉ ይፈርሳል፣ ያን ጊዜ ነው ሰው ሆቴሉ እንዳይቃጠልበት ብሎ መንዳት በሌለበት አየር የሚነዳው። አብዛኛው አደጋ የሚመጣው እንግዲህ ከዚህ ዓይነት ችኮላ ይመስለኛል፣ ከብርዱ አይደለም።

የትኛው ወር ይሻላል?

ፌብሩዋሪ መጨረሻና ማርች፣ አልጠራጠርም። ምክንያቱ ብርሃን ነው። ዲሴምበር 21 አካባቢ ሬይክያቪክ ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው፣ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ትገባለች፣ በቃ አራት ሰዓት። ሰሜን አኩሬይሪ ደግሞ ከዛም ያንሳል። እርግጥ ነው ፀሐይ ከመውጣቷ በፊትና ከገባች በኋላ ረጅም ወገግታ አለ፣ ድቅድቅ ጨለማ አይደለም፣ ግን በረዶ ላይ 250 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ፣ ፏፏቴ አይታችሁ፣ ማደሪያ ፈልጋችሁ በአራት ሰዓት አይሆንም። ማርች 20 አካባቢ ቀንና ሌሊቱ እኩል ይሆናል፣ አውሮራውም (ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየው የሰሜን ብርሃን) ገና አለ፣ የበረዶ ዋሻውም ገና ክፍት ነው። ዲሴምበር የሚሄድ ሰው ለገና ድባብ ከሆነ ይሂድ፣ ለዙር ግን አልመክርም።

ብርዱ ይገድላል አይደል?

እንደሚፈራው አይደለም። ሞቃት የባህር ሞገድ ስለሚደርሳት ሬይክያቪክ በጃንዋሪ አማካይ ሙቀቷ ዜሮ አካባቢ ነው፣ ብዙ የአውሮፓ ከተማ ከሷ ይብሳል። መሃል አገሩና ሰሜኑ ከዛ በጣም ይወርዳል፣ ሚቫትን አካባቢ ከዜሮ በታች 15 ምናምን ብታገኙ አይግረማችሁ። ችግሩ ግን ሌላ ነው፣ ጠዋት በረዶ፣ ቀትር ላይ ዝናብ፣ ማታ መልሶ ይረጋል፣ ስለዚህ መንገዱ መስታወት ይሆናል፣ እናንተም ትረጥባላችሁ። ከዜሮ በላይ 2 ዲግሪ ላይ ረጥቦ ንፋስ መመታት ከዜሮ በታች 10 ላይ ደረቅ ሆኖ ከመቆም የከፋ ነው። ለዚህ ነው ጥጥ ልብስ አትያዙ የሚባለው፣ ጂንስም ጭምር፣ ከሥር የሱፍ ውስጥ ልብስ፣ መሃል ፍሊስ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። ጓንት ሁለት ጥንድ። ጫማ ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ ደግሞ ርካሽ ነው፣ ፏፏቴዎቹ ጋር ያለው የእግር መንገድ ድፍን በረዶ ነው፣ እሱ የሌለው ሰው አጥር ይዞ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው።

ንፋስ ንፋስ ትላላችሁ፣ ያን ያህል ነው እንዴ?

አዎ። እዛ አገር ፕላን የሚያወጣው ንፋሱ ነው።

የአየር ትንበያ መስሪያ ቤታቸው ቬዱርስቶፋ ይባላል፣ ድረ ገጹን ቬዱር ነው የሚሉት፣ ንፋሱን የሚጽፉት በሜትር በሰከንድ ነው፣ በኪሎ ሜትር በሰዓት ስለለመድን ቁጥሩ ትንሽ መስሎን እንሸወዳለን። 20 ሜትር በሰከንድ ማለት በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነው፣ በ3.6 አባዙት። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ እንደዚህ ነው፣ እስከ 10 በሰላም እነዳለሁ፣ ከ15 በላይ ከሆነ ከፍ ያለ ቫን ይዤ አልወጣም፣ 20 ከሆነ ምንም ይዤ አልወጣም። ደግሞ አማካዩን ብቻ አትዩ፣ ድንገት የሚመታው ግፊያ ለብቻው ይጻፋል፣ ተራራ ሥር ስታልፉ መኪናውን የሚገፋው እሱ ነው። ማስጠንቀቂያው ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ ተብሎ ይወጣል፣ ብርቱካናማ ላይ ቁጭ ብላችሁ ቡና ጠጡ።

መንገዱን ደግሞ ለብቻው ታያላችሁ፣ ኡምፈርዲን የሚባል የመንገድ ባለስልጣናቸው ገጽ አለ፣ የቱ ክፍት እንደሆነ፣ የቱ እንደሚያንሸራትት በቀለም ያሳያል፣ ካሜራም አለው። እኔ ማታ ከመተኛቴ በፊት አያለሁ፣ ጠዋት አያለሁ፣ ነዳጅ በቀዳሁ ቁጥር አያለሁ፣ በቃ ሱስ ይሆናል።

የመኪና በር ነገር ደግሞ ቀልድ አይደለም። ስትቆሙ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ንፋሱ አዙራችሁ አቁሙ፣ ስትከፍቱ በሁለት እጅ ይዛችሁ፣ ሁለት በር ባንድ ጊዜ አይከፈትም። እኔ ነዳጅ ማደያ ውስጥ በአንድ እጅ ስልክ ይዤ ከፈትኩት፣ ማጠፊያው ተጣመመ፣ ከዛ በኋላ በሩ ስለማይገጥም ጉዞውን ሙሉ በገመድ አስሬ ነው የነዳሁት፣ አከራዮቹም ኢንሹራንሱ እሱን አይሸፍንም አሉኝ፣ ውሉ ላይ ለካ በደማቁ ተጽፏል።

ድንኳን ይዤ ብሄድስ?

ከዚህ በፊት በረዶ ላይ በድንኳን አድራችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህን ጽሑፍም አትፈልጉትም። ካላደራችሁ ግን አይስላንድ በዊንተር መለማመጃ ቦታ አይደለም፣ ንፋሱ የድንኳን ዘንግ ይሰብራል። ማሞቂያ ያለው ቫን ተከራዩ። ከዛም የተሻለው፣ እኔ ሁለተኛው ላይ ያደረግኩት፣ ሁለት ሌሊት ቫን ከዛ አንድ ሌሊት ጌስት ሃውስ እያሉ መቀያየር ነው፣ ልብስ ይደርቃል፣ ባትሪ ይሞላል፣ ሰውም ለሰው ፊት ያሳያል።

ቫኑን ደስ ያለኝ ቦታ አቁሜ ማደር እችላለሁ?

አይቻልም። ድሮ ይቻል ነበር የሚል ወሬ አሁንም ይዞራል፣ ግን ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ ካምፐር ውስጥ ለማደር ወይ ካምፕሳይት ውስጥ መሆን አለባችሁ ወይ የመሬቱ ባለቤት ፈቅዶ መሆን አለበት። ፓርኪንግ ላይ ማደርም እዛው ውስጥ ነው፣ እኩለ ሌሊት ላይ መስኮት ይንኳኳባችኋል።

በዊንተር ያለው ራስ ምታት ደግሞ አብዛኛው ካምፕሳይት መዘጋቱ ነው። ሬይክያቪክ ያለው ዓመቱን ሙሉ ይሰራል፣ ቫትናዮኩል ፓርክ ውስጥ ስካፍታፌትል ያለውም እንደዛው። ሌላውን ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ፣ ክፍት ነው የተባለውም ቢሆን ሻወሩና ኩሽናው ክፍት መሆኑን ለብቻ ጠይቁ፣ መብራትና ሽንት ቤት ብቻ ትተው የሚከፍቱ አሉ። ካምፒንግ ካርድ የሚባለውን፣ አንዴ ከፍላችሁ ብዙ ካምፕሳይት ላይ የምታድሩበትን፣ እንዳትገዙ፣ የሚሰራው ከሜይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ብቻ ነው።

ቫን ውስጥ ሌሊቱ እንዴት ነው?

ማሞቂያው በናፍጣ ነው የሚሰራው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ግን ፋኑ ባትሪ ይበላል። መኪናውን ስትረከቡ ሁለተኛ ባትሪ አለው ወይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቁና እዛው አስበርታችሁ እዩ። ማሞቂያው አለ ብላችሁ ግን ቀጭን ብርድ ልብስ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቢጠፋ ምን ልትሆኑ ነው።

ስሊፒንግ ባግ ስትገዙ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፣ አንዱ ኮምፈርት አንዱ ሊሚት። ኮምፈርቱን እዩ፣ ሊሚት ማለት ተኮራምተህ ታድራለህ ማለት ነው። ከሥር የሚነጠፈው ፍራሽ ደግሞ ከላይ ከሚለበሰው እኩል ነው፣ ምክንያቱም ከሥራችሁ ያለው የስሊፒንግ ባጉ ክፍል በክብደታችሁ ስለሚጨፈለቅ አያሞቅም። ፍራሹ ላይ አር ቫልዩ የሚባል፣ ከመሬት የሚመጣውን ብርድ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳይ ቁጥር አለ፣ ለዚህ አየር ከ4 በላይ ይሁን፣ ሁለት ቀጫጭን ብትደርቡ ቁጥሩ ይደመራል።

መስኮቱን ትንሽ ከፈት አድርጉ፣ አውቃለሁ እብደት ይመስላል፣ ግን የሁለት ሰው ትንፋሽ ጠዋት መስታወቱ ላይ ከውስጥ በኩል በረዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ አልጋውም ይረጥባል። ኮንታክት ሌንስ፣ ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ የነገ ካልሲ፣ ሁሉም አብሯችሁ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይተኛል።

ማብሰልስ?

የጋዝ ቆርቆሮ በአውሮፕላን አይያዝም፣ እዛው ትገዛላችሁ። ስትገዙ ውስጡ ያለውን አንብቡ፣ ንጹህ ቡቴን ዜሮ ላይ ሲደርስ ፈሳሽ ሆኖ ይቀርና ምድጃው አይነድም፣ ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች 42 ድረስ ይሰራል፣ ስለዚህ ፕሮፔን የተቀላቀለበትን የዊንተር ጋዝ ፈልጉ። ሬይክያቪክ ካምፕሳይት ላይ ሰው ሲመለስ ትቶት የሚሄደው ግማሽ ቆርቆሮ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ዝግ ቫን ውስጥ ወይ ድንኳን ውስጥ ምድጃ አትለኩሱ፣ ለማሞቂያ ብላችሁማ በጭራሽ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ነው የሚያስይዘው፣ ከዛ አያነቃም። ከሰል ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ለምናውቅ ሰዎች ይሄን መንገር አያስፈልግም ነበር፣ ግን ብርድ ሰውን ያስረሳዋል። የሚጮህ ትንሽ መለያ መሳሪያ ግዙ፣ ጠዋት ደግሞ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ጭስ ማውጫው በረዶ እንዳልደፈነው ዞር ብላችሁ እዩ።

ፎር ባይ ፎር የግድ ነው?

ለመነሳትና ለዳገት ይጠቅማል። ፍሬን ስትይዙ ግን ምንም አያደርግላችሁም፣ ንፋስም አያስቆምም። ከሱ በላይ ጎማው ነው፣ ሚስማር ያለው ጎማ ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ይፈቀዳል፣ ሚስማር ያለው ስጡኝ ብላችሁ በጽሑፍ አስይዙ። ኢንሹራንስ ላይ የጠጠሩንና የአሸዋና አመዱን ጨምሩ፣ ደቡብ ላይ ያሉት ጥቁር የአሸዋ ሜዳዎች ንፋስ ሲነሳ የመኪና ቀለም ልጠው ነው የሚጥሉት።

ፍጥነት አስፋልት ላይ 90፣ ጠጠር ላይ 80፣ ከተማ ውስጥ 50 ነው፣ እሱም ደረቅ ሲሆን፣ መብራት ቀንም ማታም ይበራል። ባለ አንድ መስመር ድልድይ ስትደርሱ ቀድሞ የቀረበው ያልፋል፣ ግን እኔ ሁሌ እቆማለሁ። ፎቶ ለማንሳት መንገድ ላይ መቆም የለም፣ ዳር የለውም መንገዱ።

መንገዱን በክፍል በክፍል ብታሳዩን?

ከሬይክያቪክ ቪክ 190 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ገና ከከተማ እንደወጣችሁ ሄትሊስሄይዲ የሚባል ከፍታ አለ፣ አጭር ነው ግን ቶሎ ይዘጋል። ሴልያላንድስፎስና ስኮጋፎስ ሁለቱም 60 ሜትር ገደማ ፏፏቴዎች ናቸው፣ የመጀመሪያው ከጀርባው የሚያስዞረው መንገድ በረዶ ሲሆን ይዘጋል፣ ሰንሰለቱን እየዘለላችሁ አትግቡ። ቪክ አጠገብ ሬይኒስፍያራ ጥቁሩ ባህር ዳርቻ አለ፣ እዛ ሰው ሞቷል፣ አንዴም አይደለም። ባህሩ ዝም ያለ ይመስላል፣ ከዛ ሳይታሰብ አንድ ሞገድ ከሌሎቹ እጥፍ ርቀት ይመጣል፣ ጎትቶ ነው የሚወስደው። የመብራት ምልክት አለ፣ ቀዩ ከበራ ከላይ ሆናችሁ እዩ፣ ቢጠፋም ጀርባችሁን ለባህሩ አትስጡ።

ከቪክ እስከ ሆፍን 270 ኪሎ ሜትር ነው (ሲጠሩት ሆፕን ነው የሚሉት፣ ስትጠይቁ እንዳትቸገሩ)። በኔ ግምት ከዙሩ ሁሉ ይሄ ክፍል ይበልጣል፣ ስካፍታፌትል፣ ዮኩልሳርሎን፣ የአልማዝ ዳርቻ የሚሉት የበረዶ ስባሪ የተበተነበት ጥቁር አሸዋ፣ ሁሉም እዚህ ነው። ተንሳፋፊው በረዶ ላይ አትውጡ፣ ይገለበጣል። ሰማያዊዎቹ የበረዶ ዋሻዎች በዊንተር ብቻ ነው በደንብ የሚጎበኙት፣ ያለ ጋይድ አይገባም። በኦገስት 2024 ብሬይዳመርኩርዮኩል ላይ በረዶ ተደርምሶ አንድ ቱሪስት ሞቷል፣ ጋይድ እያለ ማለት ነው፣ ስለዚህ ጋይዱ ዛሬ አይሆንም ካለ ገንዘቤን መልስ ብላችሁ ክርክር አትግጠሙ፣ አመስግኑት።

ከሆፍን ወደ ምሥራቅ ፊዮርዶቹን (በተራራ መሃል የሚገቡትን ጠባብ የባህር ወሽመጦች) እየዞራችሁ ኤይልስታዲር ትደርሳላችሁ። ጂፒኤሱ ኡክሲ በሚባል ተራራ አቋርጡ ሊላችሁ ይችላል፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ይቀንሳል፣ በዊንተር ግን ዝግ ነው፣ ጂፒኤስ ደግሞ አይገባውም፣ የባህር ዳሩን ያዙ።

ከኤይልስታዲር ወደ ሚቫትን ያለው ነው እኔን የመለሰኝ። ሞድሩዳሉር የሚባለው አምባ ላይ ይወጣል፣ ሰው የለም፣ ማደያ የለም፣ ዛፍ የለም፣ ንፋሱ በረዶውን ከመሬት እያነሳ የመኪናችሁን አፍንጫ አታዩም። መግቢያው ላይ መዝጊያ አለ፣ ተዘግቶ ካገኛችሁት ተመለሱ። ሁለት ሌሊት ኤይልስታዲር ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፣ በሦስተኛው ቀን ገና ሲነጋ ሌላ ማስጠንቀቂያ ወጣ፣ በቃ በመጣሁበት በደቡብ ዞሬ ገባሁ። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር።

ከዛ ሚቫትን፣ ጎዳፎስ (መንገዱ ዳር ነው፣ አያስለፋም፣ ዴቲፎስ ግን የሚያስገባው መንገድ ብዙ ጊዜ በበረዶ ይዘጋል)፣ አኩሬይሪ። አኩሬይሪ መግቢያ ላይ 7.4 ኪሎ ሜትር ዋሻ አለ፣ ቫድላሄይዲ፣ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ኦንላይን ትከፍላላችሁ፣ ካልከፈላችሁ አከራዩ የራሱን ጨምሮ ይልክላችኋል። ከአኩሬይሪ ሬይክያቪክ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለት ከፍታ ያሻግራል፣ ሁለት ቀን አድርጉት። መጨረሻ ላይ ያለው የክቫልፍዮርዱር ዋሻ በባህር ሥር ነው የሚያልፈው፣ ከ2018 ጀምሮ ነጻ ነው።

አውሮራ አያለሁ?

12 ሌሊት ካላችሁ ዕድሉ ጥሩ ነው፣ ማንም ግን ቃል አይገባላችሁም። ሰው ሁሉ የአውሮራውን ጥንካሬ የሚተነብየው የኬፒ ቁጥር ላይ ያፈጣል፣ እኔ መጀመሪያ የማየው የደመናውን ካርታ ነው፣ እዛው ቬዱር ላይ አለ፣ ነጭ የሆነው ቦታ ሰማዩ ክፍት ነው ማለት ነው። ኬፒ 2 ሆኖ ሰማይ ከጠራ ይታያል፣ ኬፒ 6 ሆኖ ደመና ከሆነ ደመና ነው የምታዩት። በስልክ ናይት ሞድ አድርጋችሁ የሆነ ነገር ላይ አስደግፋችሁ አንሱ።

ሻወር?

መዋኛ ገንዳ። ትንሽ ከተማ ሳይቀር ከመሬት በሚወጣ ሙቅ ውሃ የሚሰራ ገንዳ አላት፣ ክፍያው ቀላል ነው፣ በረዶ እየወረደባችሁ እስከ አንገታችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ መቀመጥ ነው የጉዞው ትልቁ ደስታ። አንድ ነገር፣ ከመግባታችሁ በፊት ራቁታችሁን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፣ ዋና ልብስ ለብሶ አይሆንም፣ መጀመሪያ ቀን ታፍራላችሁ፣ በሁለተኛው ትለምዱታላችሁ።

ምግብና ነዳጅ ላይ ምን ልወቅ?

ቦኑስና ክሮናን ርካሾቹ ሱፐርማርኬቶች ናቸው፣ ከሬይክያቪክ ስትወጡ ጫኑ። ካርድ የትም ይሰራል፣ ክሮና ካሽ መያዝ አያስፈልግም፣ ግን ሰው የሌለበት ማደያ ፒን ያለው ካርድ ይጠይቃል፣ ፒናችሁን የማታውቁ አሁን አውጡ። ታንኩ ግማሽ ከሆነ ባዶ ነው ብላችሁ ቅዱ። ውሃ አትግዙ፣ የቧንቧው ይጠጣል፣ ሙቁ ውሃ የበሰበሰ እንቁላል ቢሸት ግን ሰልፈር ነው፣ ለመታጠብ ምንም አይደለም።

ችግር ቢገጥመኝስ?

112። ከመሄዳችሁ በፊት የ112ን አፕ አውርዱ፣ ያላችሁበትን ቦታ አብሮ ይልካል። ሴፍትራቭል የሚባለው ገጽ ላይ ደግሞ የጉዞ ፕላናችሁን መመዝገብ ትችላላችሁ፣ የእሳተ ገሞራና የመንገድ ማስጠንቀቂያም እዛ ይወጣል። ሊያወጧችሁ የሚመጡት ነፍስ አድኖች በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ሥራቸውን ጥለው ነው የሚመጡት። መኪናው በረዶ ውስጥ ከተቀረቀረ ውስጡ ቆዩ፣ በእግር እርዳታ ፍለጋ አትውጡ።

መመለሻ በረራዬ ጠዋት ነው፣ የመጨረሻዋን ሌሊት ቪክ ባድርስ?

አይ። የመጨረሻዋን ሌሊት ሬይክያቪክ ወይ ኬፍላቪክ ሁኑ፣ በመካከላቸው ያለው 50 ኪሎ ሜትር ራሱ አንዳንድ ቀን ይዘጋል። ቫኑን ስትመልሱ ታጥቦ፣ ናፍጣው ሞልቶ፣ አራቱም ጎንና በሮቹ ቪዲዮ ተነስተው።